እጅ መንሣትና እጅ መስጠት፦ የቴኳንዶ የእጅ ምልክቶች አሠራርና ትርጉም

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ልጆች ዶቦካቸውን (የልምምድ ልብሳቸውን) በፌስታል ይዘው ወደ ማሠልጠኛው መግባት ይጀምራሉ። አዲስ የተመዘገበ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቀኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሳቦም (አሠልጣኝ)፣ ምት መቼ ነው የምንጀምረው?» የምሰጠው መልስም አንድ ነው፤ «መጀመሪያ እጅህን ማረጋጋት ትማራለህ።» ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን መልስ ለማብራራት ነው። በቴኳንዶ ውስጥ ከምትና ከመከላከል በፊት የሚመጡትን የእጅ ምልክቶች፣ ማለትም ጭብጡን (የተጨበጠውን እጅ)፣ ሰላምታውን፣ የዝግጁነት አቋሙንና የተሸፈነውን ጭብጥ እንዴት በትክክል መሥራት እንደሚቻልና ምን እንደሚሉ ለጀማሪዎች፣ ለወላጆችና አዲስ ማሠልጠን ለጀመሩ ወጣቶች ያስረዳል። ርቀቶቹና ማዕዘኖቹ እኔ በተማርኩበት በዓለም አቀፍ ቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ በተለምዶ አይ.ቲ.ኤፍ. በምንለው ሥርዓት መሠረት የቀረቡ ሲሆኑ፣ ከሌላው ዓለም አቀፍ ድርጅት ከዎርልድ ቴኳንዶ ሥርዓት ጋር በሚለያዩበት ቦታ ልዩነቱን እገልጻለሁ።

ቴኳንዶ የሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን፣ ከስሙ ጋር አብረው የሚነሡት የኮሪያ ጦር ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ (1918–2002) ናቸው። «ቴ» እግርን፣ «ኳን» ጭብጥን፣ «ዶ» መንገድን ያመለክታሉ። መንገድ የተባለው አምስት መርሆች አሉት፤ ጨዋነት፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛትና የማይበገር መንፈስ። ልጆች እነዚህን አምስቱን በአንድ ድምፅ ሲሉ መስማት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አፋቸው «ራስን መግዛት» እያለ እጃቸው የጎረቤታቸውን ቀበቶ ሲጎትት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መርሆቹ በቃል ከመሸምደድ አልፈው ወደ ሰውነት የሚገቡት በእጅ ምልክቶቹ በኩል ነው ብዬ የማምነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጭብጡ

መዳፋችሁን ዘርግታችሁ አራቱን ጣቶች አጠጋግታችሁ ግጠሙ። የጣቶቻችሁን ጫፍ ወደ ጣቶቻችሁ ሥር እጠፉ፤ ከዚያ የታጠፉትን እንደ ምንጣፍ ወደ መዳፍ ጠቅልሉ፤ በመካከል አየር የሚያስገባ ክፍተት አይቅር። በመጨረሻ አውራ ጣት ከውጭ በኩል መጥቶ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ላይ ይተኛል። አውራ ጣትን በሌሎቹ ጣቶች ውስጥ መደበቅ በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ እንዲህ የተሠራ ጭብጥ አንድ ጠንካራ ነገር ሲመታ መጀመሪያ የሚጎዳው የራሱ ባለቤት ነው። የእጅ አንጓ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይታጠፍ፣ የእጁ ጀርባ ከክንዱ ጋር አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለበት። በቤታችሁ ለማረጋገጥ ማስመሪያ በክንዳችሁና በእጃችሁ ጀርባ ላይ አጋድሙ፤ ብርሃን በሥሩ የሚያልፍ ከሆነ አንጓው ታጥፏል ማለት ነው።

ጥብቀቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ጭብጡ ሙሉ በሙሉ የሚጠብቀው ዒላማውን በሚነካበት ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ቅርጹን ይዞ ይለሰልሳል። ከምልክቶቹ ሁሉ በፊት የሚመጣው የራስን መግዛት ትምህርት ይህ ነው፤ እጅ ኃይል እንዳለው ያውቃል፣ ኃይሉን ግን እስከሚያስፈልግበት ሰዓት ድረስ አያወጣውም።

ሰላምታው

«ቻሪዮት» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰሙ ተረከዞቻችሁን አገናኙና የእግሮቻችሁን ጫፍ 45 ዲግሪ ያህል ክፈቱ። እጆቻችሁ በቀላሉ ተጨብጠው፣ ክርኖቻችሁ ጥቂት ላላ ብለው ወደ ጎን ይውረዱ። «ኪዩንግኔ» ሲባል ከወገባችሁ ወደ ፊት 15 ዲግሪ ብቻ ጎንበስ በሉ፤ ዓይናችሁ ፊት ለፊት ከቆመው ሰው ዓይን አይነሣ። ዲግሪውን የሚለካላችሁ መሣሪያም ይኸው ዓይናችሁ ነው፤ ጎንበስ ስትሉ የሰውየውን ዓይን ሳይሆን ቀበቶውን የምታዩ ከሆነ ከልክ አልፋችኋል። በዎርልድ ቴኳንዶ የውድድር ደንብ ግን ወገብ ቢያንስ 30፣ አንገት ደግሞ ቢያንስ 45 ዲግሪ ዝቅ ስለሚል ዓይን ወደ መሬት ይወርዳል። ሁለቱም ሰላምታዎች አክብሮትን ይገልጻሉ፤ ተማሪው የራሱን ሥርዓት ማወቅና የሌላውን ሲያይ ስሕተት ነው ብሎ አለመፍረድ ይገባዋል።

የእግርን ማዕዘን ለማስተማር ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው። በበጋ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሲሆን ልጆቹን በማለዳ 12 ሰዓት ላይ ይዤ እወርድና በባዶ እግራቸው «ቻሪዮት» አስብዬ ወደ ኋላ እንዲዘሉ አደርጋለሁ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን እግር አሻራ ጎንበስ ብሎ ሲመረምር፣ አንዱ ተረከዙ ሳይገናኝ እንደቀረ፣ ሌላው አንድ እግሩን አብዝቶ እንደከፈተ ያለ እኔ ንግግር ያያል። ይህን ልምምድ በክረምት ፈጽሞ አትሞክሩት። የከተማዋ ሰማይ ጠርቶ እያለ በሐረርጌ ደጋ የዘነበ ዝናብ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ስንቱን ቤተሰብ እንደወሰደ የድሬ ሰው አይረሳውም።

ወደ ትርጉሙ ስመጣ አማርኛችን ትልቅ እገዛ ያደርግልኛል። በቋንቋችን «እጅ መንሣት» የሚባል ነገር አለ፤ «እጅ መስጠት» የሚባልም አለ። እጅ የነሣ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሌላውን አከበረ፤ ክብሩ ግን አብሮት አለ። እጅ የሰጠ ሰው ተሸነፈ፤ መሣሪያውን አስረከበ። ጀማሪ ተማሪዎች፣ በተለይ ዕድሜያቸው ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስድስት የሆኑት፣ ሁለቱን ያምታታሉ። ከእነርሱ በዕድሜ ለሚያንስ ባለ ጥቁር ቀበቶ ጎንበስ ማለት ሽንፈት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ አንገታቸውን ብቻ ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ለእነዚህ ልጆች ስለ ኮሪያ ታሪክ ከማውራት ይልቅ እነዚህን ሁለት የአማርኛ ሐረጎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የበለጠ ይሠራል። በቴኳንዶ ሰላምታ ዓይን የማይሰበረውም ለዚሁ ነው፤ «አከብርሃለሁ፣ ደግሞም ነቅቼ ቆሜያለሁ» የሚሉ ሁለት ነገሮች በአንድ እንቅስቃሴ ይነገራሉ።

ከዚህ ጋር የሚነሣና አሠልጣኞች ቸኩለው ሊያልፉት የማይገባ ጉዳይ የሃይማኖት ነው። በከተማችን መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ናቸው፤ የሁለቱም አማኞች ስግደት ለፈጣሪ ብቻ እንደሚገባ ያምናሉ። ማሠልጠን በጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት «ልጄ ለሰው ይሰግዳል እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ደንብ ነው» ብዬ በአጭሩ መለስኩላቸው። ልጁ በማግስቱ ቀረ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንዲት እናት ያንኑ ጥያቄ ይዘው ከመጋላ ሰፈር ድረስ መጡ። በዚያን ጊዜ ግን ወንበር አቅርቤ «እናቴ፣ እስኪ ተቀምጠው ይዩት» አልኳቸው። ልጆቹ ተሰለፉ፣ ጎንበስ አሉ፣ እኔም ለእነርሱ ጎንበስ አልኩ። «አንተም ትመልስላቸዋለህ?» አሉኝ። «አዎ፣ ሳልመልስ ከቀረሁ ሰላምታው አልተፈጸመም» አልኳቸው። «ይኸማ ሰላምታ ነው» ብለው ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉልኝ። ለወጣት አሠልጣኞች የምመክረው ይህን ነው፤ ሰላምታው የሁለት ወገን መሆኑን አሳዩ፣ ጎንበስ ማለቱ 15 ዲግሪ ብቻ መሆኑን ግለጹ፣ ቤተሰቡ ከዚህ በኋላም ካልተስማማው ልጁ በቦታው ቀጥ ብሎ ቆሞ ቀኝ እጁን በደረቱ ላይ እንዲያደርግ ፍቀዱለት። በእኔ ዘንድ የምልክቱ ፍሬ ነገር ከዲግሪው ይቀድማል።

ሌላም ጥቅም አለው። ወንድና ሴት ተማሪዎች ጥንድ ሆነው ሲለማመዱ እጅ መጨባበጥ የማይፈልጉ አሉ። ከርቀት ጎንበስ ማለቱ ሁሉንም በእኩል ያስተናግዳል።

የዝግጁነት አቋም

«ጁንቢ» ሲባል እግሮቻችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ፤ የእግር ጫፎች ወደ ፊት ይመልከቱ። ሁለቱ ጭብጦች ከሆድ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከሆድ ደግሞ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ልጆች ሴንቲ ሜትር በዓይናቸው መገመት ስለሚቸገሩ የአያቶቻችንን መለኪያ እጠቀማለሁ፤ በጭብጦቹ መካከል ሦስት ጣት፣ በጭብጡና በሆድ መካከል አራት ጣት። የልጅ ጣት ቀጭን ስለሆነ ርቀቱም ለልጁ ሰውነት በሚስማማ መጠን ያንሳል፤ የጣትና የስንዝር መለኪያ ከሜትር የሚበልጥበት ቦታ እዚህ ነው። ትከሻ አይነሣ፣ ትንፋሽ በአፍንጫ ረጋ ብሎ ይውጣ። በርካታ ቱሎች፣ ማለትም ቅደም ተከተላቸው የተወሰነ የእንቅስቃሴ ልምምዶች፣ የሚጀምሩት ከዚህ አቋም ነው።

የተሸፈነው ጭብጥ

ከሁሉም ምልክቶች የምወደው፣ ብዙ ጊዜም የምቆይበት ይህ ነው። እግሮቻችሁን ሙሉ በሙሉ ገጥማችሁ ቁሙ። ቀኝ እጃችሁን ከላይ እንደተገለጸው ጨብጡ፤ ግራ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ጭብጡን ከውጭ ሸፍኑት። ግራው ቀኙን አይጨምቀውም፤ የሞቀ ስኒ እንደሚይዝ ሰው ከቦ ይይዘዋል። ክርኖቻችሁ ወደ ጎን ጥቂት ወጥተው ሁለቱ ክንዶች ክብ ይሥሩ። ዎን ሂዮ የሚባለው ባለ 28 እንቅስቃሴ ቱል ሲጀመር እጆቹ ከፊት አጠገብ ይያዛሉ፤ ከአፍንጫ በታች ካለው ጎድጓዳ ቦታ እስከ እጆቹ ድረስ ያለው ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር፣ በእኛ አነጋገር አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ነው። ጁንግ ጉን በሚባለው ባለ 32 እንቅስቃሴ ቱል ደግሞ እጆቹ ወደ እምብርት ፊት ይወርዳሉ፤ ርቀቱም ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ዎን ሂዮ ከ617 እስከ 686 የኖረ የጥንቷ ኮሪያ የሲላ መንግሥት መነኩሴ ነበር፤ አን ጁንግ ጉን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 የጃፓኑን ባለ ሥልጣን ኢቶ ሂሮቡሚን የገደለና በ1910 የተሰቀለ የኮሪያ አርበኛ ነው። አንዱ የጸሎት ሰው፣ ሌላው የጥይት ሰው ሲሆኑ የሁለቱም ቱል በተሸፈነ ጭብጥ መጀመሩን ተማሪዎች ራሳቸው እንዲያስተውሉት እጠብቃለሁ።

ይህ ምልክት የኮሪያ ብቻ አይደለም። ዉሹ በተባለው የቻይና የትግል ጥበብ ተማሪው ለመምህሩ ሰላምታ የሚያቀርበው ቀኝ ጭብጡን ከግራ መዳፉ ጋር በደረቱ ፊት፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በማገናኘት ነው። በዚያ የሚሰጠው ማብራሪያ ዝርዝር አለው፤ የተዘረጉት አራት የግራ ጣቶች መልካም ምግባርን፣ ዕውቀትን፣ ጤናንና ውበትን ይወክላሉ፣ የታጠፈው አውራ ጣት «እኔ እበልጣለሁ» አለማለትን ያመለክታል፣ ጭብጡ ጀግንነት ሲሆን መዳፉ ደግሞ ጀግንነቱን የሚገታው ልጓም ነው፣ የክንዶቹ ክብ የዚህ ጥበብ ሰዎች ሁሉ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ይናገራል። በጃፓን ካራቴ ውስጥም ጂዮን፣ ጂቴና ጂን የተባሉት ሦስት ካታዎች (የካራቴ ቱሎች) ግራ እጅ ቀኝ ጭብጥን በሸፈነበት አቋም ይጀምራሉ። ሦስት አገሮች፣ ሦስት ቋንቋዎች፣ አንድ ዓይነት እጅ።

ተማሪዎች ግራና ቀኙን ሲያገላብጡት ዝም ብላችሁ አትለፉ። በጥንታዊው የቻይና ልማድ ወንዶች ለደስታና ለአክብሮት ግራውን ከውጭ ያደርጋሉ፤ ለለቅሶ ሲሆን ይገለብጡታል። ይህን ስነግራቸው የእኛ ልጆች ወዲያው ይገባቸዋል፤ እናቶቻቸው ለለቅሶ ሲሄዱ ነጠላቸውን እንደሚያዘቀዝቁ፣ ጥለቱ የት እንደዋለ ከሩቅ ያየ ሰውም ቤቱ ምን እንደገጠመው እንደሚያውቅ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያዩታል። አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ አንድ ዓይነት እጅ፣ በአቀማመጡ ብቻ ሌላ ነገር ይናገራል።

ለልምምዱ የምጠቀምበት መንገድ ይህ ነው። ተማሪው አቋሙን ከያዘ በኋላ በአፍንጫው አራት እስኪቆጠር ያስገባል፣ ስድስት እስኪቆጠር ያስወጣል፤ ይህን አምስት ጊዜ ይደግማል። በመጀመሪያው ትንፋሽ ክርኖች ይወርዳሉ፣ በሁለተኛው ዓይን መዞር ይጀምራል፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ አንድ ሰው ይስቃል። አትቆጡ፤ ከመጀመሪያው አስጀምሩ። እኔ ወጣት ሳለሁ አቋሙን በጥድፊያ አልፌ ወደ ምቱ ስሮጥ አሠልጣኜ አስቁመውኝ፣ የጓደኞቼ ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ እጄን ሸፍኜ እንድቆም አደረጉኝ። የዚያን ቀን ሙቀት፣ ከግንባሬ እየወረደ ዓይኔን የሚያቃጥለው ላብ፣ ላቡን ለመጥረግ ለመነሣት የሚታገለው ቀኝ እጄና በላዩ የተኛው ግራ እጄ ዛሬም ትዝ ይሉኛል። ትምህርቱን አገኘሁት፤ ሆኖም ምልክቱን ቅጣት አድርገው መስጠታቸው ትክክል ነበር ብዬ አላምንም። በቅጣት የተማረ ልጅ ምልክቱን ከውርደት ጋር ያያይዘዋል፤ ስለዚህ በእኔ ማሠልጠኛ የተሸፈነ ጭብጥ ቅጣት ሆኖ አያውቅም።

ሌሎች ሊታወቁ የሚገባቸው

ጥቁር ቀበቶ ላይ ሲደረስ የሚጀመረው ባለ 39 እንቅስቃሴው ኳንግ ጌ ቱል ሁለት እጆች ወደ ላይ በሚነሡበት «የሰማይ እጅ» ይከፈታል። የካራቴው ካንኩ ዳይም ተመሳሳይ አከፋፈት አለው፤ የሁለቱ እጆች አውራ ጣቶችና ሌባ ጣቶች ተገናኝተው ሦስት ማዕዘን ሲሠሩ፣ ተማሪው እጆቹን ቀስ ብሎ እያነሣ በክፍተቱ ውስጥ ሰማዩን ይመለከታል፤ ስሙም «ሰማይን ማየት» ከሚለው ሐሳብ የወጣ ነው። የካራቴው መምህር ፉናኮሺ ጊቺን (1868–1957) «በካራቴ ውስጥ ቀድሞ መምታት የለም» የሚለውን መርሕ አጥብቀው ያስተምሩ ነበር፤ ካማኩራ በሚገኘው የኤንጋኩጂ ገዳም በቆመው መታሰቢያቸው ላይ የተቀረጸውም ይኸው ቃል ነው።

አንድ ምልክት ደግሞ በመጨረሻ ላይ ይመጣል። ቹንግ ሙ የሚባለው ባለ 30 እንቅስቃሴ ቱል እ.ኤ.አ. በ1592 በተጀመረው የጃፓን ወረራ ጊዜ ኮሪያን በባሕር ላይ የተከላከሉትን የአድሚራል ዪ ሱን ሺንን መታሰቢያ የያዘ ነው። ቱሉ የሚያበቃው በግራ እጅ ጥቃት ነው፤ ይህም ችሎታቸውን ሁሉ ሳያሳዩ መሞታቸውን ለማመልከት እንደሆነ ይነገራል። ተማሪዎች ፍጻሜው እንደጎደለባቸው ሲነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ በትክክል የተሠራ ቹንግ ሙ የሚተወው ስሜት ያ ነውና።

ከልምምድ በኋላ

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ተማሪዎች ቀበቶአቸውን ወደ ኋላ ዞረው ያስተካክላሉ፤ በሰው ፊት ልብስ ማስተካከል ነውር ነውና። ከዚያ ተሰልፈው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ በመጨረሻም አንድ በአንድ እየመጡ ይጨብጡኛል። በኮሪያ ታላቅን የሚጨብጥ ሰው ቀኝ እጁን ዘርግቶ በግራ እጁ የቀኝ ክንዱን ይደግፋል። ይህን ለድሬ ልጅ ማስተማር አያስፈልግም፤ እናቱ ገና በእግሩ መሄድ ሲጀምር አስተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1951 የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ወደ ኮሪያ ሲዘምቱ ወደ ጅቡቲ የወረዱት በዚችው ከተማ በሚያልፈው ባቡር ነበር። ቴኳንዶ የሚለው ስም ገና ያልወጣበት ያ ዘመን ሁለቱን አገሮች ከማገናኘቱ በፊትም ታላቅን በሁለት እጅ መጨበጥ በሁለቱም ዘንድ ነበረ።

ጋራዥ የሚሠራ አንድ ተማሪ አለኝ። አንዳንድ ቀን ከሥራ በቀጥታ ሲመጣ እጁ በግራሶ የጠቆረ ስለሚሆን መዳፉን አጥፎ የእጁን አንጓ ያቀርብልኛል፤ እኔም አንጓውን እይዛለሁ። ግራ እጁ ግን ያኔም ከቀኝ ክንዱ ሥር አይጠፋም። አዲስ ተማሪ «ሳቦም፣ ምት መቼ ነው የምንጀምረው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ይህ ልጅ እስኪመጣ አብሮኝ በር ላይ እንዲቆም አደርገዋለሁ።